ውርስ ለአሥራ አንደኞች

በትምህርት ቤት የምረቃ መጽሔት ላይ ከተመራቂው ፎቶ ሥር «ላስት ወርድ» የምትባል አንዲት መስመር አለች። አንዱ እናቱን ያመሰግንባታል፣ ሌላው ጥቅስ ይለጥፍባታል። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን የሚያወርሰው ልጅ ነው። የተሰበረ ወንበሩን፣ አጤሬራውን፣ በር ከተቆለፈ በኋላ ዘበኛውን አባባን አባብሎ የመግባት ጥበቡን ለታናናሾቹ ለ11ኛ ክፍሎች ይናዘዛል። መጽሔት የማሳተም አቅም በሌለበት ትምህርት ቤት ይኸው ጨዋታ ወደ አውቶግራፍ ደብተር ይገባል፤ ሚኒ ሚዲያው ከበረታም በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ይህ የሳቅ ኑዛዜ ከየት መጣ? ጦርነት በገባባቸው ዓመታት በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ 12ኛን የጨረሱ ልጆችስ ምን አውርሰው ሄዱ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ ነው ወደ ኋላ መቆፈር የጀመርኩት።

መጀመሪያ ያገኘሁት የቅርብ ዘመዱን ነው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተመራቂ ክፍል ኑዛዜ ለረጅም ዘመን የዓመት መጽሐፉ የተለመደ ገጽ ነበር። አጀማመሩ የጠበቃ ነው፤ ተመራቂዎቹ አእምሯቸው ሙሉ መሆኑን ይመሰክራሉ፣ ከዚያ በኋላ ያላቸውንም የሌላቸውንም ለታችኛው ክፍል ያድላሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ልማዱ አልተቋረጠም። በኅዳር 1942 እ.ኤ.አ. የምልመላ ዕድሜ ወደ 18 ዓመት ሲወርድ ብዙ ወንዶች ልጆች ጋዋናቸውን አውልቀው በቀጥታ የወታደር ልብስ ለበሱ። ስኳር፣ ቤንዚንና የመኪና ጎማ በራሽን ነበር። ልጆቹ ግን መናዘዛቸውን አልተዉም።

ከዚያ ዘመን በጣም የነካኝ በካሊፎርኒያ በረሃ የነበረው የማንዛናር ካምፕ ነው። ከ10 ሺህ በላይ የጃፓን ተወላጆች ጥፋት ሳይኖርባቸው በሽቦ አጥር ታጉረውበታል። በዚያ ካምፕ ውስጥ የተከፈተው ትምህርት ቤት ተማሪዎች በ1944 እ.ኤ.አ. «የእኛ ዓለም» የሚል የዓመት መጽሐፍ አሳተሙ። ፎቶ ያነሣላቸው ቶዮ ሚያታኬ፣ ካሜራ ክልክል በነበረበት ጊዜ ሌንሱን ደብቆ አስገብቶ የካሜራውን ሣጥን በእንጨት ያሠራ ባለሙያ ነው። በጥበቃ ማማ ሥር የተቀመጠ ተማሪ የመሰናበቻ መጽሐፍ ይኑረኝ ማለቱ ምን ያህል ብርታት እንደሚጠይቅ የገባኝ ያኔ ነው።

ጨዋታው ግን ከአሜሪካ በብዙ ይቀድማል። ፍራንሷ ቪዮን የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ በ1431 እ.ኤ.አ. ሲወለድ ፓሪስ በእንግሊዞች እጅ ነበረች፤ የመቶ ዓመቱ ጦርነትም ገና አላበቃም። በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1452 ተመረቀ። ከአራት ዓመት በኋላ በገና ሰሞን ከተማውን ለቅቆ ሊሄድ ሲነሣ በግጥም ተናዘዘ። ለፀጉር አስተካካዩ የተቆረጠ ጠጉሩን፣ ለጫማ ሰፊው አሮጌ ጫማውን ተወለት። ለአንዱ ጌታ ሰይፉን ሰጠው፤ ሰይፉ ግን በ8 ሶል የመሸታ ቤት ዕዳ መያዣ ሆኖ ተቀምጧልና ወራሹ ሂሳቡን ከፍሎ ማስለቀቅ አለበት። ምንም የሌለው ተማሪ ዕዳውን እንደ ሀብት አወረሰ። እኔ በየመጽሔቱ የማየው ልጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ፍለጋው እዚህ ያበቃል ስል የባሰ ጥንታዊ ነገር መጣ። ቅዱስ ሄሮኒሞስ በፍልስጥኤም ቤተልሔም ተቀምጦ የትንቢተ ኢሳይያስን ትርጓሜ ሲጽፍ በ12ኛው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ስለ አንባቢ ጣዕም ያማርራል፤ የተማሪ ቤት ልጆች ተሰብስበው የአንድ አሳማ ኑዛዜ እያነበነቡ በሳቅ ይንከተከታሉ ይላል። ይህን የጻፈው ከ408 እስከ 410 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ነው። ሮም በጎቶች እጅ ወድቃ የተዘረፈችው በ410 ነው። ዓለም ሊፈርስ በተቃረበበት ሰዓት ልጆች አንድ የኑዛዜ ቀልድ በቃላቸው ይዘው ይስቁ ነበር።

ያ የአሳማ ኑዛዜ እስከ ዛሬ አለ፤ አጭር ነው፣ አንድ ገጽ ቢሞላ ነው። ወጥ ሠሪው ቢላ ይዞ ሲመጣበት አሳማው አንዲት ሰዓት ይለምናል። መጻፍ ስለማይችል ሌላ ሰው እንዲጽፍለት ቃሉን ይሰጣል። ለእናቱ 40 መስፈሪያ ስንዴ ይተዋል። ለእህቱ 30 መስፈሪያ ገብስ ይተውላታል፤ ሰርጓ ላይ መገኘት አልቻለምና። ከዚያ ገላውን ያከፋፍላል፦ ጠጉሩን ለጫማ ሰፊዎች፣ ጆሮውን ለማይሰሙ፣ ምላሱን ለጠበቆችና ለለፍላፊዎች፣ ፊኛውን ለልጆች መጫወቻ። የሮም ሕግ ለኑዛዜ ሰባት ምስክር ይፈልግ ስለነበር፣ መጨረሻ ላይ ሰባት ምስክሮች ፈርመውበታል። የአሳማ ነገር ለጋይንት ሰው አይጥመውም፤ ቢሆንም ያችን የሰርግ መስመር ሳነብ ሳቄ ቆመ። በእህቱ ሰርግ ያልተገኘ ወንድም በእኛ አገር ያለፉትን ዓመታት ላሳለፈ ሰው ሩቅ ታሪክ አይሆንበትም።

«ቤተልሔም» የሚለው ስም ደግሞ ወደ አገሬ መለሰኝ። ጋይንት የራሷ ቤተልሔም አላት፤ የድጓ ምስክር የሚሰጥባት፣ ከየአገሩ የድጓ ተማሪ ሲጎርፍባት የኖረች ደብር ናት። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የተማረ የቆሎ ተማሪ ለጨዋታ እንግዳ አይደለም። የቀልድ አባት የምንላቸው አለቃ ገብረ ሐናም የዚሁ የደቡብ ጎንደር፣ የፎገራ ሰው ናቸው፤ የደብረ ታቦርን አቋቋም ያደራጁ ሊቅ መሆናቸውን ቀልዳቸው ጋርዶብን እንጂ። ስለዚህ የጋይንት ልጅ በድህነቱ ላይ መሳቅን ከውጭ መቅዳት አያስፈልገውም። በአገሩ ሞልቶታል።

ኑዛዜ ራሱ በአገራችን እንዴት እንደሚጸና ለማየት የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥሁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። የቃል ኑዛዜ ለሞት ለተቃረበ ሰው የተፈቀደ ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃዋል፤ ተናዛዡ በሦስት ወር ውስጥ ካልሞተ ግን ይፈርሳል። ምስክርም ቃልም ተሟልቶ፣ ከሟቹ በኋላ የሚቀር ሰው ከሌለ ግን ኑዛዜው ለማን ይደርሳል? ሕጉን ሳነብ የመጣብኝ ይህ ጥያቄ ነው የቀረውን ሁሉ የከፈተልኝ። ከሮም ተማሪዎች እስከ ማንዛናር ድረስ የሳቁት ሁሉ ከኋላቸው የሚሰማና የሚወርስ ነበራቸው። የ12ኛ ክፍል ቀልድ የሚሠራው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወንበር የሚቀመጥ 11ኛ ክፍል ስላለ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ ውርስ ከወረቀትም ያለፈ ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ተማሪ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ይከራያል። ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ይገባሉ። ዓርብ ከትምህርት ሲወጣ በእግሩ ወደ ቤተሰቡ ይገሰግሳል፤ እሑድ ማታ እንጀራውን፣ ድርቆሹንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ግድግዳው ላይ የፊዚክስ ፎርሙላ በከሰል ተጽፏል፤ ጥግ ላይ ጀሪካን፣ ጠርዙ የተጣመመ ድስት፣ የተጠቀለለ ሰሌን። ልጁ 12ኛን ሲጨርስ ይህ ሁሉ ከዚያው ቀበሌ ለሚመጣው ታናሽ ይቀራል። የአከራይዋም አመኔታ አብሮ ይተላለፋል፤ «የእነ እገሌ አገር ልጅ ነው፣ ኪራይ አይበላም» ትላለች።

ከነፋስ መውጫ አንዱ ልጅ ቢናዘዝ ምን ይል እንደነበር በሐሳቤ አዳምጠዋለሁ። ከተማዋ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ የጠዋቱን ብርድ ሳይሸራርፍ ለ9ኛ ክፍሎች ይሰጣል። የሚያፈሰውን ጀሪካን ለወንድሙ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ለክረምቱ። ያልከፈለውን የሰኔ ኪራይ ለእትዬ ከይቅርታ ጋር። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን፣ ከ«ኤስ» በኋላ ያለው ስለተገነጠለ፣ ብዙ መናገር ለማይወድ ሰው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ነሐሴ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ያዙ፤ ዘጠኝ ቀን ያህል ቆዩ። በእነዚያ ቀናት በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከ16 ተጎጂዎች አፍ ሰምቶ አሳትሟል። የዚያ ዓመት 12ኛ ክፍሎች ደግሞ ቀድሞውንም በኮሮና የተንገላቱ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት በመጋቢት 2012 ተዘግቶባቸዋል። ብሔራዊ ፈተናው በጥቅምት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲጀመር በአማራ ክልል በጦርነት ቀጠና የነበሩ ብዙ ተማሪዎች አልተፈተኑም፤ ተራቸው በሁለተኛው ዙር በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ደረሰ። ቀጣዮቹ ተፈታኞች ወደየዩኒቨርሲቲው ተጓጉዘው ተፈተኑ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። የፈተናው ጭንቀት ሳይበቃ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የፋኖ ታጣቂዎችና የመንግሥት ጦር የሚዋጉበት ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ደረሱ።

ሁለቱ ጥያቄዎቼ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ማንዛናር በሽቦ ብትታጠርም ትምህርት ቤቷ ክፍት ነበር፤ የ1944 ተመራቂዎች ከሥራቸው የሚመጣ ክፍል ነበራቸው። በሥራ ላይ የነበረ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን የሚጎዳው የዘንድሮው ተመራቂ ብቻ አይሆንም። 12ኛው ቀልዱን ለማን ያወርሳል? ጀሪካኑን ለመውረስ ከቀበሌው የሚመጣ ታናሽ ከሌለ፣ አከራይዋ ክፍሏን ለሌላ ካከራየች፣ ያ ሰንሰለት ይቆረጣል፤ ሲከፈትም ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ መንገዱን የሚያሳይ ታላቅ ሳይኖር። ሰው በትምህርት ቤት መዘጋት ሲያዝን የሚቆጥረው የጠፋውን ክፍለ ጊዜ ነው። እኔ ከዚህ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ የታላቅና የታናሽ ቅብብሎሽ ነው፤ በጀትም ሆነ ማካካሻ ክፍለ ጊዜ አይመልሰውም።

የአሳማውን ኑዛዜ አንድም ባለሥልጣን አላስቀመጠውም። ልጆች በቃል ይዘውት፣ ከዚያም ገልባጮች በብራና ጽፈውት ነው እዚህ የደረሰው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፉ አውቶግራፎች፣ የሚኒ ሚዲያ ወረቀቶችና የምረቃ መጽሔቶች በየሣጥኑና በየስልኩ ይኖራሉ። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ይነሣ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ዓመተ ምሕረቱና ሴክሽኑ ይጻፍበት፤ የልጆቹ ስም እነሱ ካልፈቀዱ ይሸፈን። አንድ ቅጂ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ቅጂ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። 11ኛ ክፍል እንደገና ሲመዘገብ፣ ከታላላቆቹ የቀረውን በመጀመሪያው ሳምንት በሰልፍ ሜዳ ላይ ድምፅ ያለው ልጅ ያንብብለት።