«የበሰለ» ወይስ «የከረመ» አይብ?

ለወራት ተቀምጦ ጣዕሙን የሚያወጣ አይብ በአማርኛ ምን ይባል? «መብሰል» ለፍሬም ለወጥም ስለሚያገለግል፣ «የበሰለ አይብ» ሲባል አንባቢ የሚያስበው እሳት ያየውን ነው፤ የአገራችን አይብ የሚወጣው አሬራ በእሳት ሞቆ ነውና። እንደ ቼዳር ያለው ግን በቆይታ ይለወጣል፤ ፕሮቲኑ በኢንዛይሞች ወደ አሚኖ አሲዶች ይፈርሳል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ከአሚኖ አሲዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነጥለው አሚን ያስገኛሉ። በዚህም መንገድ ከሂስቲዲን ሂስታሚን፣ ከታይሮሲን ታይራሚን ይፈጠራል። የኋለኞቹ ሁለት ስሞች ሥር «ቲሮስ» የተሰኘው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ፍችውም አይብ ነው፤ ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1846 ታይሮሲንን ያገኘው ከአይብ ፕሮቲን ነበር።

ስያሜው የጤና ጉዳይም ነው። በሰውነት ውስጥ ታይራሚንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም የሚያግዱ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሕሙም፣ ታይራሚን የበዛበት አይብ ቢበላ የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። «የበሰለ አይብ አይብሉ» ቢባል ግን የተከለከለው ትኩሱ የአሬራ አይብ ይመስለውና ቼዳሩን ያለ ሥጋት ይበላል፤ በእሳት ማብሰልም ታይራሚንን አያጠፋም።

ስለዚህ «የከረመ አይብ» የሚለውን እንመርጣለን፤ «ከረመ» የሚያመለክተው ጊዜን እንጂ እሳትን አይደለም።