ኃይለኛ መኪና ሁሉ መስል ካር አይደለም

ከፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ከአዲስ ቅዳም የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ጭኖ የሚወጣው አይሱዙ ዳገት የሚገፋበት አቅም የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ "መስል ካር" ከሚባለው ወገን አይመደብም። የናፍጣ ሞተሩ የሚፈጥረው ቶርክ፣ ማለትም ዘንግ የማዞር ጉልበት፣ በዝቅተኛ ዙር ሸክም ለመጎተት የታሰበ ሲሆን፣ የመስል ካር ሞተር ግን መካከለኛ መጠን ያለውን መኪና ከቆመበት በቅጽበት ለማስፈንጠር የታለመ ነው።

የመደቡ መነሻ ተብሎ በብዙዎች የሚጠቀሰው ለ1964 (እ.ኤ.አ.) የቀረበው ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለመካከለኛ መኪኖቹ የፈቀደው የሞተር መጠን 5.4 ሊትር ገደማ ነበር፤ የፖንቲያክ መሐንዲሶች ግን ለትልልቅ መኪኖች የተሠራውን ባለ 6.4 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ ይኸውም ስምንት ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ በቪ ቅርጽ የተደረደሩለትን፣ እንደ ተጨማሪ አማራጭ አስመስለው ቴምፔስት በተባለው መካከለኛ መኪናቸው ላይ ገጠሙት፤ ኃይሉም 325 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ባለሁለት በር መካከለኛ አካል፣ ትልቅ ሞተርና ተራ ሠራተኛ የሚደፍረው ዋጋ አንድ ላይ ካልተገኙ ስሙ አይገባም። በዚህ መለኪያ ሁለት መቀመጫ ብቻ ያለው ኮርቬት የስፖርት መኪና ነው፤ ፎርድ ሙስታንግ አከራካሪ ቢሆንም፣ ባለስድስት ሲሊንደሩ ግን በፍጹም አይመደብም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በየመንገዱ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም አነሳሳቸው ፈጣን ነው፤ ፍጥነት ብቻውን ግን መስል ካር አያደርጋቸውም።