“ጌጅ”፣ “መለኪያ” እና “አመልካች”፦ ስለ አንድ የመኪና ዕቃ ስያሜ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በጅማ መንገድ በአየር ጤና አካባቢ ከሚገኙ ጋራዦች በአንዱ ሙያዊ ቃላት ለመልቀም በተቀመጥንበት ዕለት፣ አንድ ያረጀ ቶዮታ ኮሮላ ተገፍቶ ገባ። ባለመኪናው “ጌጁ ግማሽ እያሳየኝ ነዳጅ ጨርሶ ቆመብኝ” አሉ። ቀደም ሲል “የነዳጅ መለኪያው ተበላሽቷል” ተብለው፣ በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ዕቃ ገዝተው አስለውጠዋል፤ ጉድለቱ ግን አልተወገደም። የጋራዡ ባለሙያ ጥቂት ከመረመረ በኋላ “ጋሼ፣ የላይኛው ጌጅ ደኅና ነው፤ የሚዋሸው የታችኛው ነው” አላቸው።

ይህ አጭር ምልልስ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ለተርጓሚ ከፍ ያለ ትምህርት አለው። ባለመኪናው ገንዘባቸውን ያጡት በአንድ ቃል ሁለት ዕቃ በመጠራቱ ነው።

በአሮጌ መኪኖች ላይ “ጌጅ” የሚባለው በሽቦ የተያያዘ ጥንድ ዕቃ ነው። አንደኛው በነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ በጋራዥ ቋንቋ በሰልባትዮው ውስጥ ይገኛል፤ በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ነገርና ክንድ አለው። ነዳጁ ከፍና ዝቅ ሲል ክንዱ አብሮ እየተንቀሳቀሰ የዕቃውን ኤሌክትሪክ የመቋቋም መጠን ይለውጣል። ሁለተኛው በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ባለመርፌ ዕቃ ሲሆን፣ በሽቦው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ተከትሎ “ሙሉ” ወይም “ባዶ” ያሳያል።

እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ የተሠሩት ቮልሶች በአብዛኛው የነዳጅ ጌጅ አልነበራቸውም። የነዳጁን ልክ ለማወቅ የፈለገ እንጨት ነክሮ ያይ ነበር። እንጨቱ መለኪያም አመልካችም ነበር። ጌጅ ሲመጣ ግን ሁለቱ ተግባራት ተለያዩ፤ መለካቱ እታች ቀረ፣ ማመልከቱ ላይ ወጣ። ስያሜውም ይህን መከተል ይገባዋል እንላለን።

“መለኪያ” ከ“ለካ” የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ የሚለካበት ነገር ማለት ነው። “አመልካች” ከ“አመለከተ”፣ “ነዳጅ” ከ“ነደደ” እንደ ወጡ ሁሉ፣ የአድራጊ ስም ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ የሚለካው ነዳጅ የለም፤ የታችኛውን ቃል ተቀብሎ ያመለክታል እንጂ። ስለዚህ “መለኪያ” ለታችኛው፣ “አመልካች” ለላይኛው ቢሰጥ ቃሉ ከሥራው ጋር ይስማማል።

የእንግሊዝኛ የጥገና መጻሕፍት የታችኛውን ዕቃ “ላኪ” በሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩታል። አንዳንድ ተርጓሚ ይህን ተከትሎ “መላኪያ” ለማለት ሊከጅል ይችላል። ሆኖም “መላኪያ” እና “መለኪያ” የሚለዩት በአንዲት ፊደል እግር ብቻ ነው። በዘይት በቆሸሸ የጋራዥ ገጽ ላይ ይህ ልዩነት አይታመንም።

የስያሜው ጥቅም በምርመራው ቅደም ተከተል በግልጽ ይታያል፦

ሀ) የነዳጁ ብቻ ሳይሆን የሞተር ሙቀት አመልካችም አብሮ ከተዛባ፣ አስቀድሞ የሚፈተሸው ለሁለቱ የጋራ የሆነው የኤሌክትሪክ መስመር ነው።

ለ) የተዛባው የነዳጁ ብቻ ከሆነ፣ ቁልፉ ጠፍቶ ሽቦው ከመለኪያው ይነቀላል፤ ከዚያም ቁልፉ ተከፍቶ መርፌው ይታያል። ቀጥሎ ቁልፉ እንደገና ጠፍቶ ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር ይያያዝና ቁልፉ ለአፍታ ብቻ ይከፈታል። መርፌው በሁለቱ ፍተሻዎች ከዳር እስከ ዳር ከሄደ አመልካቹና ሽቦው ደኅና ናቸው፤ ጉድለቱ ከመለኪያው ወይም መለኪያውን ከመኪናው ብረት ጋር ከሚያገናኘው መስመር ነው። ቁልፉ በየጊዜው የሚጠፋው በቤንዚን ተን አጠገብ ብልጭታ እንዳይነሣ ነው፤ ተርጓሚ ይህን ሐረግ ለማሳጠር ሲል ቢዘለው ጥፋቱ የቃላት ብቻ አይሆንም።

ሐ) መለኪያው ሲወጣ ክንዱ ተይዞ፣ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ነዳጅ ሞልቶበት ሊገኝ ይችላል። የተበሳ ተንሳፋፊ ስለሚሰጥም ሰልባትዮው ሞልቶ ሳለ “ባዶ” ያሰኛል። የኮሮላው ክንድ ግማሽ ላይ ዝጎ ተይዞ ነበር።

ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። “ሽቦው ከብረቱ ሲያያዝ መርፌው ሙሉ ያሳያል” የሚለው አባባል ለሁሉም መኪና አይሠራም። በበርካታ የቀድሞ ፎርዶች የመለኪያው መጠን ባዶ ላይ ወደ 73፣ ሙሉ ላይ ወደ 10 ኦም ነው። በበርካታ የቀድሞ ሸቭሮሌዎች ደግሞ ባዶ ላይ ወደ 0፣ ሙሉ ላይ ወደ 90 ኦም ስለሆነ፣ ያው ፍተሻ “ባዶ” ያሳያል። ስለዚህ የአንዱ መኪና መመሪያ ለሌላው እንዳይወሰድ የመኪናው ስም ከትርጉሙ መጉደል የለበትም።

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተሉትን ፍቺዎች ለውይይት እናቀርባለን፦

የነዳጅ መለኪያ (ስ.)፦ በሰልባትዮ ውስጥ ሆኖ የነዳጁን ከፍታ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጥ የሚመልስ፣ ተንሳፋፊና ክንድ ያለው ዕቃ።

የነዳጅ አመልካች (ስ.)፦ በዳሽቦርድ ላይ ሆኖ የነዳጁን ልክ በመርፌ የሚያሳይ ዕቃ።

ጌጅ (ስ.፣ የጋራዥ ንግግር)፦ የሁለቱ የጋራ መጠሪያ።

“ጌጅ” ይጥፋ አንልም፤ በአፍ የጸና ቃል ነውና በመዝገብ ሊገባ ይገባል። በጽሑፍ መመሪያ ውስጥ ግን ብቻውን አይበቃም። ያ ባለሙያ “የላይኛው” እና “የታችኛው” ብሎ የለየውን፣ ተርጓሚ በቃል ሊለየው ይገባል።