ኩባንያው ሲሸጥ ገንዘብዎ ምን ይሆናል?

ባንክዎ «አክሲዮን ያለዎት ኩባንያ ሊሸጥ ነው» የሚል ደብዳቤ ከላከልዎ አይደንግጡ፤ ሳያስነብቡት ግን አያስቀምጡት። መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን አለው።

በመጀመሪያ በእጅዎ ያለው አክሲዮን ነው ወይስ በዕብራይስጥ አጋሕ የሚባለው ቦንድ? አክሲዮን ያለው ሰው ባለቤት ስለሆነ ገዢው ዋጋ ያቀርብለታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከገበያው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 የኢየሩሳሌሙን ሞቢልአይ ሲገዛ ለአንድ አክሲዮን 63.54 ዶላር ከፍሏል፤ ዜናው ከመሰማቱ በፊት ዋጋው 47 ዶላር ገደማ ነበር።

«አልሸጥም» ማለት ይቻላል፤ ሁልጊዜ ግን አያዋጣም። በእስራኤል በተመዘገበ ኩባንያ ገዢው ሁሉንም አክሲዮን ለመግዛት ጠይቆ እንቢ ያሉት ከ5 በመቶ በታች ከሆኑና በጉዳዩ የግል ጥቅም ከሌላቸው ባለአክሲዮኖች አብዛኞቹ ከተስማሙ፣ የእንቢተኞቹም አክሲዮን በዚያው ዋጋ ይወሰዳል። ዋጋው አነሰኝ የሚል በ6 ወር ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ቦንድ ያለው ግን አበዳሪ ነው። ጭማሪ አይደርሰውም፤ ወለዱና የመክፈያው ቀን እንደተጻፈ ይቀጥላል። የሚለወጠው ከባለዕዳው ጀርባ ያለው ሰው ነው። አዲሱ ባለቤት አቅም ካለው መልካም፤ በብድር ገዝቶ ዕዳውን ኩባንያው ላይ ከጫነ ግን የቦንዱ ዋጋ ይወርዳል። መጨረሻው በዜና የምንሰማው «ቲስፖሬት» ሊሆን ይችላል፦ ጸጉር ቆረጣ ማለት ነው፣ የሚቆረጠው ግን የአበዳሪው ገንዘብ ነው። አንዳንድ ውል ባለቤት ሲለወጥ «ገንዘቤን አሁኑኑ መልሱ» የማለት መብት ይሰጣል። ይህ የሚጻፈው «ሽታር ኔኤማኑት» በሚባለው ሰነድ ውስጥ ስለሆነ ባንክዎን ይጠይቁ።

አክሲዮንም ቦንድም ገዝተው የማያውቁ እንኳ በፔንሲያዎ በኩል ሁለቱም ሳይኖርዎት አይቀርም። እዚያ ግን የሚወስነው ፈንዱ ነው፤ ደብዳቤ አይመጣልዎትም።