ከዛሪማ ደባርቅ፣ በሊትር ስንት?

መኪና ለመግዛት የሚያጠያይቅ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ደላላው መልሱን አፉ ላይ ይዞታል። አሥራ አምስት ይላል፤ ደፈር ያለው ሃያ ያደርሰዋል። ጥያቄው ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ሲጠየቅ ግን ጎዶሎ ነው። ወዴት ስትሄድ? አንዲቷ መኪና ወደ ዛሪማ ስትወርድ የነዳጅ ሽታ የሚበቃት ትመስላለች፣ ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ስትወጣ ደግሞ የጭነት መኪና ያህል ትጠጣለች።

ምክንያቱ ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጎንደርን ከአሥመራ ለማገናኘት ገደሉን እየቀደደ ያወጣው መንገድ እዚህ ላይ እየተጠማዘዘ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዛሪማ 1,300 ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ በግርድፉ 1,500 ሜትር ነው። ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል።

ሂሳቡን እንሥራው። አራት ሰው የያዘች ትንሽ መኪና 1,200 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። ይህን ክብደት 1,500 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ወደ 18 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ይዟል፤ ሆኖም ሞተሩ ጎማው ድረስ የሚያደርሰው ከዚህ ሩብ የሚሆነውን ብቻ ነው። የቀረው በራዲያተርና በማርሚታ በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገቱ ብቻውን፣ መንገዱ ሜዳ ቢሆንም ከሚወስደው በተጨማሪ፣ ከሁለት ሊትር በላይ ይጠይቃል። ምንም ዓይነት የአነዳድ ብልሃት ይህን ሂሳብ አያስቀርም።

ክብደት ግን በእጅ ያለ ነገር ነው። አንድ ኩንታል ማሽላ ከዛሪማ ደባርቅ ለማውጣት አንድ አምስተኛ ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ይቃጠላል። ቤንዚን በሊትር ከመቶ ብር በላይ ሲሆን ይህ ሃያ ብር ገደማ ነው። ማሽላው ለሚሸጥ ሰው ሂሳቡ አያስከፋም። ከኋላ ለወራት ተረስቶ ለተቀመጠ ሲሚንቶ ወይም ብረት ግን በየዳገቱ ሃያ ብር መክፈል የዋህነት ነው። ፖርቶ መጋላም እንዲሁ ነው፤ ባዶውን እንኳ አየር ይጎትታል። ጉዳቱ የሚታየው ሊማሊሞ ላይ ሳይሆን ወደ ጎንደር በሚወስደው ሜዳማ መንገድ፣ ፍጥነት ሲጨመር ነው። የአየር ግፊያ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የወጣ ሹፌር ግፊያውን በግማሽ ያህል ይጨምራል።

በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ ከ50 ብር በታች ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ከ100 ብር አለፈ። በመካከሉ፣ በ2016፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ የመጀመሪያ መኪናውን በቤንዚን የሚገዛ ሰው ምርጫው አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ነው፤ በአብዛኛው ቪትዝ፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ የምትባለው። ቶዮታ ይህችን መኪና ገበያ ላይ ያዋላት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለ ነዳጅ ቆጣቢነቷ የሚጠቀሰው የጃፓን ቁጥር የተወሰደውም 10-15 በሚባለው ሙከራ ነው። ሙከራው መኪናዋን ክፍል ውስጥ በሚሽከረከር ሮለር ላይ ከ70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳታልፍ የሚያስኬድ ነው። ዳገት የለበትም፣ ንፋስ የለበትም፣ ኩንታል የለበትም። የደላላው ሃያ ምንጭ እዚያ ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ የመለኪያው። «በሊትር ስንት» እያልን ስናወዳድር ቁጥሩ ያታልለናል። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር የምትሄድን መኪና 10 በምትሄድ የቀየረ ሰው በየ100 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሊትር ተኩል ያተርፋል። ከ16 ወደ 18 የቀየረ ግን ከአንድ ሊትር በታች ነው የሚያተርፈው። የሁለቱም ልዩነት «ሁለት» ነው፤ ኪስ ላይ ያለው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይራራቃል። አውሮፓውያን «በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ሂሳብ ስለሚመች ነው፤ እኛም ብንለምደው ጥሩ ነበር። ቀድሞውንም ቆጣቢ ከሆኑ ሁለት ትንንሽ መኪናዎች መካከል ለመምረጥ በአንድና በሁለት ኪሎ ሜትር መከራከር ለፍሬኑና ለጎማው ቢውል የሚሻል ጊዜ ማባከን ነው።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ደባርቅ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ነውና 70 የፈረስ ጉልበት አላት የተባለችው ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ደባርቅ ስትደርስ 50 ያህል ይቀራታል። ይህ ማለት ግን ደጋው ነዳጅ ይበላል ማለት አይደለም። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ነዳጁን ለሳሳው አየር እያመጣጠነ ይረጫል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ የሳሳው አየር መኪናዋን የሚገፋው በትንሹ ነው። የሚቸገሩት ካርቡሬተር ያላቸው እነቮልስና ላዳ ናቸው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ነዳጅ ያበዛል፤ ጥቁር ጭሱም ይመሰክርበታል።

ዳገት ላይ ብዙ ጀማሪ ሹፌር የሚሳሳተው ነዳጅ ቆጠብኩ ብሎ በከፍተኛ ማርሽ በመውጣት ነው። ሞተሩ ማንኳኳት ከጀመረ ቁጠባ የለም። ወደ ሁለተኛ ቀይሮ ነዳጅ መስጫውን ሳያንቀጠቅጡ በእኩል ፍጥነት መውጣት ይሻላል። እንዲያውም ሞተር ቤንዚኑን በደህና የሚጠቀምበት እንዲህ እኩል ሸክም ሲሸከም ነው፤ እጅግ የሚያባክነው ቆሞ ሲንተከተክ ነው። ደባርቅ ጠዋት ብርዱ ከባድ ስለሆነ ሞተር አስነስቶ ቁርስ የሚበላ ሰው አይጠፋም። ለቤንዚን መኪና ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ ቀሪውን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብሎ በመንዳት ማሞቅ ይቻላል።

ትልቁ ጉዳይ ቁልቁለቱ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጠባና ሕይወት ይገናኛሉ። መኪናን ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ፣ ሲብስም ሞተር አጥፍቶ መውረድ የቆየ ልማድ ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይወስዳል፤ ጥቂት ቢሆንም ይወስዳል። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ግን ጎማው ራሱ ሞተሩን ስለሚያዞረው ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል። ስለዚህ በቪትዝም ሆነ በሌላ ዘመናዊ መኪና በማርሽ መውረድ ከዜሮ ማርሽ ይልቅ ቆጣቢ ነው። ልማዱ የመጣው ከካርቡሬተር ዘመን ነው፤ ያኔም ቢሆን አደገኛ ነበር።

ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ጭራሽ አይታሰብ። የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀለው ሰርቮ የሚሠራው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። ሽቅብ ሲወጣ የተከፈለው 18 ሚሊዮን ጁል ቁልቁል አይጠፋም። የተወሰነውን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ሞተሩ ካልያዘው ፍሬኑ ይቀበለዋል፣ ያውም ከሠላሳ ሊትር በላይ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት። ፍሬን እንዲህ ሲግል ሸራው መያዝ ያቆማል፤ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ሊማሊሞ ደግሞ ማምለጫ የሚሰጥ መንገድ አይደለም። በወጡበት ማርሽ መውረድ ነው፤ ኦቶማቲክ ከሆነች ማንሻውን 2 ወይም ኤል ላይ ማድረግ።

በዚህ በኩል የኤሌክትሪክ መኪና ይበልጣል። ቁልቁል ስትወርድ ሞተሯ ጄኔሬተር ሆኖ የዳገቱን ዋጋ ጉልህ ክፍል ወደ ባትሪዋ ይመልሳል። ለቤንዚን መኪና ቁልቁለቱ ነዳጅ እንዳትፈጅ ይረዳታል እንጂ የፈጀችውን አይመልስላትም።

ታዲያ እውነተኛው ቁጥር እንዴት ይገኛል? ደባርቅ ላይ ታንኩን መሙላት፣ ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ፣ ዛሪማ ደርሶ መመለስ፣ እዚያው ማደያ ላይ እንደገና መሙላት፤ ሁለተኛው ጊዜ የገባውን ሊትር ለተሄደው ኪሎ ሜትር አካፍሎ በመቶ ማባዛት። ደርሶ መልስ መሆኑ ግድ ነው፤ የአንድ አቅጣጫ ቁጥር ወይ ያስደነግጣል ወይ ያስዋሻል። ማደያ ደርቆ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን በመሀል ከገባ ግን ልኬታው አይታመንም፤ የጠርሙሱ ልክም የነዳጁ ንጽሕናም አይታወቅም።

ለአዲስ አበባ መንገድ ቢሆን ባለ 1.0 ሊትሯን ቪትዝ እመርጥ ነበር። ደባርቅና ዛሪማ ለሚመላለስ ሰው ግን ባለ 1.3 ሊትሯ በእጅ ማርሽ ትሻለዋለች። ሜዳ ላይ በትንሹ ትበልጥ ይሆናል የምትጠጣው፤ ሊማሊሞን ስትወጣ ግን በሦስተኛ ማርሽ የምታልፈው ዳገት ታናሿን ወደ ሁለተኛ የሚያወርድ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን በሊትር ስንት እንደምትሄድ ሳይሆን የፍሬን ሸራዋ መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁት።