የገበሬው ድምፅ፤ ሃይማኖቱና መሬቱ

«ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ተረት፤ ገበሬ በመንግሥት ጉዳይ ቃል የለውም ተብሎ በኖረበት ዘመን የተነገረ ነው። ከ1948 ዓ.ም. በኋላ ግን በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን እንዲመርጥ ተፈቀደለት። በዚያ ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ተመራጩም ባለ ንብረት እንዲሆን ያስፈልግ ነበር። ዛሬ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ድምፅ ሰጪ ስለ ሆነ፤ የገበሬው ልብ በምን ምክንያት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እንደሚያዘነብል መርምሮ ማወቅ ለሹምም ለካህንም የሚጠቅም ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ በጎጃም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ለተጓዘ ሰው የሱሉልታ ወረዳ ከተማ ጫንጮ ትገኛለች። ሜዳው በክረምት ውሃ የሚተኛበት፤ በበጋ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሲሆን፤ የአገሩ ሰው በእርሻና በላም ወተት ይኖራል። መንገዱም ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያደርስ በመሆኑ ተሳላሚ አይጠፋበትም። በእንዲህ ያለ አገር የገበሬ ሸንጎ ሰንበቴው፤ ማኅበሩና እድሩ ነው። ጸሎት ደርሶ ጠላው ሲቀዳ የሚነሣው ጨዋታ የማዳበሪያ ዕዳ፤ የድንበር ክርክርና የጎልማሳ ልጅ መሬት ማጣት ነው። ስለዚህ ሃይማኖቱ ለማን ድምፅ እንዲሰጥ ባያዝዘውም፤ ሐሳቡ የሚበስለው በሃይማኖቱ ጥላ ሥር ነው።

ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ለመሆናቸው ያለፈው ታሪክ ይመሰክራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ፤ ከባላባት መሬት ጋር የቤተ ክርስቲያን መሬትም ተወሰደ። ጭሰኛ የነበረው ሰው መሬቱን በደስታ ተቀበለ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ግን አልተወም። ክርስትናው በልቡ ጸንቶ ሲኖር የመንግሥት ወዳጅነቱ በማረሻው ይለካ ነበር።

መንግሥት በመሬት ምክንያት ሊጠላ እንደሚችልም ከዚያ በኋላ ታየ። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በተሰማ ጊዜ፤ ሱሉልታ፤ ሰበታና ቡራዩ በልዩ ዞኑ ውስጥ ስለ ነበሩ ገበሬው ከእርሻው እነቀላለሁ ብሎ ፈራ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለሚለቀቅ እርሻ የዓመቱን አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ካሣ ይሰጥ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው 15 እጥፍ አደረገው። ሆኖም ገንዘብ ያልቃል፤ መሬት ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር አሸነፉ ተባለ፤ ስድስት ወር ያህል ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ብዙ ስፍራ ተቃውሞ ተነሣ፤ ፕላኑም በጥር ወር ተሰረዘ። ሣጥኑ ያልነገረውን መንገዱ ተናገረ። በ2013ቱ ምርጫም በኦሮሚያ ታላላቆቹ ተቃዋሚዎች ስላልተወዳደሩ የሣጥኑ ቁጥር የልብን ሁሉ ሊናገር አልቻለም።

የመሬቱ ቅሬታ ሃይማኖትን ከነካ እሳቱ ይበረታል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ለምስጋና ወደ ኢሬቻ ከወጣው ሕዝብ መካከል ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያም አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ዋለ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ ሹመት በሰጡ ጊዜ፤ ሕዝቡ በቋንቋው እንዲያገለገል የሚለው ጥያቄ በአንድ ጊዜ የመንግሥትም ጉዳይ ሆነ፤ በየካቲት ወር በስምምነት እስኪፈጸም ድረስ ብዙ ቤት ታወከ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ገበሬው ሃይማኖቱ ሲከበርለት ድምፁን በኑሮው ይመዝናል፤ ሃይማኖቱ የተነካ ሲመስለው ግን ኑሮውን ሁሉ ረስቶ ይነሣል።

እንግዲህ ሹም የሆነ ሰው የአንዱን ሃይማኖት ምእመን ሁሉ እንደ አንድ ድምፅ ቆጥሮ በካህኑ ወይም በሼኹ በኩል ለመግዛት ከመመኘት ይልቅ፤ የመሬቱን አቤቱታ በጊዜው ሰምቶ ፍርድ ቢሰጥ ይሻለዋል። የሕገ መንግሥቱ 11ኛ አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን የደነገገው ሁለቱንም ከጉዳት ለመጠበቅ ነው። ካህንም ዐውደ ምሕረቱን ለፓርቲ ያዋሰ እንደ ሆነ፤ ፓርቲው በወደቀ ቀን ምእመኑን አብሮ ያጣል። ገበሬው በምርጫ ቀን ብቻውን ወደ መጋረጃው ሲገባ ነፍስ አባቱም ሹሙም ውጭ ይቀራሉ፤ ከእርሱ ጋር የሚገባው ኅሊናው ብቻ ነው። ኅሊናውን በእውነት ማስተማር የካህን፤ አቤቱታውን በቅን መፍረድ የሹም ድርሻ ነው።