እንግዳ ዓሣና የወንዝ ተወላጆች

ሰው ለጥቅሙ ወይም ለደስታው ብሎ የሚጀምረው ሥራ ሁሉ ፍጻሜው እንዳሰበው አይሆንለትም። ይልቁንም ሕይወት ያለውን ፍጥረት ከተፈጠረበት ስፍራ አንሥቶ ወደ ሌላ ሲያዛውር፥ ያመጣውን ያውቅ ይሆናል እንጂ የሚከተለውን አያውቅም። ለዚህም በደቡብ አፍሪቃ በኬፕ ምድር ያለው የሮንዴጋት ወንዝ ምስክር ነው።

ሮንዴጋት ከሴደርበርግ ተራሮች ወርዶ በኦሊፋንትስ ወንዝ ላይ ወደ ተሠራው የክላንዊልያም ግድብ የሚገባ ትንሽ ወንዝ ነው። በውስጡም ከዚያ አካባቢ ወንዞች በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ዓሦች ይኖራሉ፤ ይኸውም ክንፋቸው የቀላ ትንንሽ ዓሦች፥ በድንጋይ መካከል የሚሸሸግ አምባዛ፥ ደግሞም ሲያድግ አካሉ ከፍ የሚል ቢጫ ዓሣ ነው።

ባስ የሚባለው ዓሣ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. በመንጠቆ ለሚያጠምዱ ሰዎች መደሰቻ ይሆን ዘንድ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ገባ። ከዚያም በኦሊፋንትስ ውኃ ተዛምቶ ሮንዴጋትን ከታች ወደ ላይ ወረረው፤ ከፏፏቴ ሲደርስ ግን መውጣት ስላልቻለ በዚያ ቆመ።

ከዚህ በኋላ አንዱ ወንዝ እንደ ሁለት ወንዝ ሆነ። ከፏፏቴው በላይ የአገሩ ዓሦች እንደ ቀድሞው በመንጋ ይዋኙ ነበር። ከፏፏቴው በታች ግን ትንንሾቹ ጠፉ፤ የቀረውም በባስ አፍ የማይገባው ትልልቁ ቢጫ ዓሣ ብቻ ነበር። ስለዚህ በዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ትልልቆቹን አይቶ ወንዙ ደኅና ነው ሊል ይችል ነበር፤ ነገር ግን ግልገል የሌለበት መንጋ ተተኪ የሌለው መንጋ ነው። የጥፋቱም ምክንያት የባስ ኀይል ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ዓሦች እርሱን ከመሰለ አዳኝ ጋራ አብረው ስላልኖሩ፥ ጠላታቸውን ለይቶ መሸሽ ያዳግታቸዋል ተብሎ ይታሰባል።

የኬፕ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይህን ጥፋት ለማቃናት በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር አራት ኪሎ ሜትር በሚያህል የወንዙ ክፍል ሮቴኖን የተባለውን መድኀኒት ጨመረ። ሮቴኖን ከዕፀዋት የሚገኝ የዓሣ መርዝ ነው፤ በኢትዮጵያ ዓሣ ለማደንዘዝ በሚወቀጠው በብርብራ ፍሬ ውስጥም ይገኛል። ባስ ከግድቡ ተመልሶ እንዳይወጣም በታች በኩል ክልከላ ነበረ። ባሱም ጠፋ፤ የአገሩም ዓሦች ከላይ እየወረዱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስፍራቸውን ያዙ።

ሆኖም ይህ ድል ያለ ዋጋ አልተገኘም። መርዙ ወዳጅና ጠላት ስለማይለይ የውኃውን ነፍሳትም ጐድቶ ነበር፤ ኋላ ግን አብዛኞቹ ተመልሰዋል። ደግሞም ይህ ሥራ የተቻለው ወንዙ ትንሽ፥ ከላይ ፏፏቴ ከታች ክልከላ ያለው ስለ ሆነ ነው። በሰፊ ወንዝና በትልቅ ግድብ ውስጥ የተዛመተውን ዓሣ እንዲህ አድርጎ ማጥፋት እጅግ ያስቸግራል።

እንግዲህ ዓሣን ከውኃ ወደ ውኃ ለማዛወር የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ፥ በዚያ ውኃ ማን ይኖራል፥ ይህስ የሚመጣው ማንን ይበላል ብሎ ይጠይቅ። እንግዳውን ዓሣ ለማስገባት አንድ እንስራ ይበቃል፤ ለማውጣት ግን ብዙ ዓመትና ብዙ ድካም ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእሳት ብቻ ሳይሆን ለውኃም ይሠራል።